«ፈርምልኝ» ማለት መጠርጠር ነውን?

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ቤት ስለ ማስቀባት ነው። «ይህ ደግሞ ለጋዜጣ የሚበቃ ጉዳይ ነውን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ነገሩ በራሴ ላይ እስኪደርስ ድረስ የዚሁ አንባቢ ወገን ነበርሁ። ሆኖም ቀለምና ብሩሽ ያመጡብኝ ጥያቄ ከቀለም ያለፈ ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አንድ ሙእሚን ወንድሙን «የተነጋገርነውን በወረቀት እናስፍረው፤ ፈርምልኝ» ቢለው ጠርጥሮታል ማለት ነውን? ካልጠረጠረውስ ወረቀቱ ለምን አስፈለገ?

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ነው። የእኅቴ ኒካሕ ከረመዷን በኋላ በሸዋል እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። በዚያ ዓመት ረመዷን የገባው ግንቦት 19 ቀን፣ ዒዱም የዋለው ሰኔ 18 ቀን ነበር። የደብረ ታቦርን አየር የሚያውቅ ሰው ሰኔ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ከጉና በኩል ደመናው ሲወርድ እቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንኳ አይደርቅም። የአባቴ ቤት አራት ክፍል ነው። ግድግዳው በእንጨትና በጭቃ ቆሞ በኋላ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ቀለሙ ከተቀባ ብዙ ዓመት ስለሆነው ለሙሽሪት ክብር ሲባል እንዲታደስ ተስማማን። እኔ በሥራ ምክንያት የምኖረው አዲስ አበባ ስለሆነ በግንቦት መጀመሪያ የአራት ቀን ፈቃድ ወስጄ ሄድሁና ቀቢ ማፈላለግ ጀመርሁ።

መጀመሪያ የመጡት በከተማው ብዙ ቤት የቀቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ክርስቲያን ናቸው። ዋጋቸውን ብጠይቃቸው «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ቤቱን ልየው» አሉና ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ክፍሎቹን ዞሩ። የጓዳው ግድግዳ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። መዳፋቸውን አሳርፈው ጥቂት ከቆዩ በኋላ «ይህ ግድግዳ ውኃ ጠጥቷል። አሸንዳው ያፈሳል መሰለኝ። እሱ ሳይጠገን፣ ግድግዳውም ሳይደርቅ ብቀባላችሁ ገንዘባችሁን መብላት ነው የሚሆንብኝ። ክረምቱም ደርሷል፤ ከመስቀል በኋላ ብታደርጉት ይሻላል» አሉኝ። ሠርጉ በሰኔ መሆኑን ስነግራቸው «እንግዲያው የሚቻለውን አደርጋለሁ፤ ለዚህኛው ግድግዳ ግን ኃላፊነት አልወስድም» አሉ። ከዚያም በሜትር ለክተው፣ በወረቀት ደምረው 11,500 ብር ጠየቁ። በመጨረሻ «የቀለሙን ዓይነት፣ ስንት እጅ እንደሚቀባም ጽፈን እንፈራረም» አሉኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ይህ የመጨረሻው ነገር ቅር አሰኘኝ። «እኔ ሀቃቸውን እበላለሁ ብለው ነውን?» አልሁ በልቤ። አስቤበት እነግርዎታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግደን ስንወጣ አንድ ወጣት ሰላም አለኝና «ጋሼ፣ ቤት ሊያስቀቡ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለኝ። ይህን ልጅ ከመጣሁ ጀምሮ በመጀመሪያው ሶፍ ያጣሁበት ሶላት የለም። አንገቱን የደፋ፣ ዱዓው የረዘመ፣ ለሽማግሌዎች ጫማ የሚያቀርብ ልጅ ነበር። ቤታችን መጥቶ በር ላይ ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተ። አልለካም፤ ግድግዳም አልነካም። «ቀለሙንም ስቱኮውንም ችዬ 7,000 ብር» አለኝ። የሽማግሌው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ስለነበረ «ምናልባት በወረቀት ብናደርገው…» ብዬ ጀመርሁ። ልጁ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል? አላህ አይበቃንም?» አለኝ። በመጠየቄ አፈርሁ። 5,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁትና ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን አብዛኞቻችሁ ከራሳችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ስለምታውቁት አላስረዝመውም። ሁለት ቀን ሠርቶ ጠፋ። «ሌላ ቤት ጀምሮ ነው» ተባለ። ሲደወልለት «ስቱኮ አልቆብኝ ነው፣ 1,500 ብር ላኩልኝ» አለ፤ ላክሁ። በረመዷን መጨረሻ ላይ ድንገት መጣና በአንድ ቀን ጨርሶ ሄደ። ቤቱ ነጭ ሆነ። እናቴ በስልክ «ማሻአላህ፣ እንደ ወተት ነው» አለችኝ።

የኒካሑ ዕለት ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ዱዓ ተደርጎ ሲነሱ የሁሉም ጀርባና ትከሻ ነጭ ሆኖ ነበር። የአማቾቻችን ጥቁር ኮት ዱቄት የተነፋበት መሰለ። እነርሱ ጨዋ ሰዎች ናቸውና አንድም ቃል አልተናገሩም፤ አባቴ ግን አንገታቸውን ደፉ። ሐምሌ ሲገባ የጓዳው ግድግዳ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ መውረድ ጀመረ። ታናሽ ወንድሜ ከጓሮ ሦስት ባዶ ጋሎን አገኘ። በላያቸው የታወቀ ቀለም ስም ተጽፎባቸዋል፤ ከሥራቸው የደረቀው ግን ኖራ ነበር።

ሽማግሌ ተቀመጠ። «ምን ተስማማችሁ?» ብለው ጠየቁን። «ጥሩ ቀለም እንዲቀባ» አልሁ። ልጁም «ጥሩ አድርጌ ቀብቻለሁ» አለ። «ስንት እጅ?» አሉ። አልተነጋገርንም። «ምስክር አላችሁ?» ሲሉ «አላህ ነው ምስክራችን» ብዬ መለስሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አላህማ ያውቃል፤ የማናውቀው እኛ ነን» አሉ። ከዚያ ልጁ ቀና ብሎ እስከ ዛሬ ያልረሳሁትን ነገር ተናገረኝ። «ጋሼ፣ ፊት የመጡት ሰውዬ 11,500 ብር ብለዎት ነበር። እኔ 7,000 ስልዎት ልዩነቱን ማን ይከፍለዋል ብለው አሰቡ?»

ሽማግሌዎቹ 2,000 ብር በሁለት ጊዜ እንዲመልስ ፈረዱ። አንዱን ሺህ አመጣ። ሁለተኛው ሺህ እስካሁን አልመጣም። እኔን የቆረቆረኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። እናቴ እንደነገረችኝ ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ሶፍ ሲሞላ ከዚያ ልጅ ጎን ላለመቆም ወደ ሌላው ጥግ ይሄዳሉ። በሰባት ሺህ ብር ቀለም ምክንያት ሁለት ሰዎች በአላህ ቤት ትከሻ ለትከሻ መግጠም ተሳናቸው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ወረቀት ላለመጻፌ ምክንያት ያደረግሁት መልካም ግምትን ነው፤ ሑስኑ ዟን የምንለውን። ወንድምን በክፉ አለመጠርጠር በእርግጥ ታዝዘናል። ነገር ግን በቁርኣን ውስጥ ከአንቀጾች ሁሉ ረዥሙ ስለ ምን እንደሚናገር አስተውለን እናውቃለንን? በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ነው። የሚናገረው ስለ ዕዳ ውል አጻጻፍና ምስክርነት ነው። ጥሪው ደግሞ ለሙእሚኖች እንጂ እርስ በርስ ለማይተማመኑ ባዕዳን አይደለም። መጻፍ መጠርጠር ቢሆን ኖሮ አላህ አማኞችን እርስ በርሳችሁ ተጠራጠሩ ብሏቸዋል ማለት ይሆን ነበር፤ ይህ ደግሞ የማይሆን ነው። እርግጥ ነው፣ ብዙዎቹ ዑለማዎች መጻፉን የሚወደድ ነገር እንጂ ግዴታ አላደረጉትም፤ እጅ በእጅ የሚደረግ ንግድም በአንቀጹ ውስጥ ተለይቶ ቀላል ተደርጓል። ሥራው ሳይሠራ የተሰጠ ገንዘብ ግን እጅ በእጅ አይደለም። የእኔ 5,000 ብር ከእጄ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ በልጁ ላይ ያለች ዕዳ ነበረች፤ ሥራ ሆና የምትመለስ ዕዳ።

ሌላም ነገር አለ። ወረቀቱ የሚጠብቀው የሰጪውን ገንዘብ ብቻ መስሎን ነበር። እኔ አሁን የሚታየኝ ሌላ ነው። ያ ልጅ ሲጀምር ሌባ ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ሰባቱ ሺህ ብር አላደርስ ሲለው፣ በእኔ ገንዘብ የሌላውን ቤት ሲጨርስ፣ በሌላው ገንዘብ ወደ እኔ ሲመለስ፣ በመጨረሻ ጋሎኑን በኖራ ሲሞላ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ «ይህን አልተስማማንም» የሚለው ነገር በእጁ አልነበረም። እኔም አልሰጠሁትም። «ሁለት እጅ፣ እንዲህ ያለ ቀለም» የሚል አንድ መስመር ኪሱ ውስጥ ቢኖር ያቺ መስመር ሰይጣንን ታቆመው ነበር አልልም። ቢያንስ ልጁ ማጭበርበር እየጀመረ መሆኑን ለራሱ ታሳውቀው ነበር።

ሁለተኛው ስሕተቴ ሶፍን ከሙያ ጋር ማምታታቴ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ዘንድ አንድ ሰው ስለ ሌላው መልካምነት ሊመሰክር እንደመጣ ይተረካል። ዑመር፣ ጎረቤቱ ሆነህ ታውቃለህን፣ አብረኸው ተጉዘሃልን፣ በዲናርና በዲርሃም ተገበያይተኸዋልን ብለው ጠየቁት። ሰውየው ለሁሉም አይደለም አለ። በመስጂድ ሲሰግድ አይተኸው ይሆናላ አሉትና እንግዲያው አታውቀውም ብለው ሸኙት። እኔም ያን ልጅ ያየሁት አራት ቀን፣ ያውም ከጀርባው ነበር።

እዚህ ላይ «ታዲያ ኢባዳ ምንም አይነግረንም ማለትህ ነውን?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ግን ለሥራ የምንቀጥረው ሰው ሁለት ነገር ሊኖረው ይገባል። የመድየኑ ሽማግሌ ልጅ ሙሳን (ዐ.ሰ.) አባቷ እንዲቀጥረው ስትመክር የጠቀሰቻቸው ችሎታንና ታማኝነትን ነው። የእነርሱ ውልም በጭፍን አልነበረም፤ ስምንት ዓመት ተብሎ ተቆርጦ፣ አሥር ቢሞላ በፈቃዱ እንደሆነ በግልጽ ተነጋግረዋል። ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀኝ የሒጅራው መንገድ መሪ ነገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እና አቡበክር (ረ.ዐ.) በ622 ዓመተ ልደት ከመካ ሲወጡ፣ ጠላት በየአቅጣጫው እየፈለጋቸው ሳለ፣ ግመሎቻቸውን አስረክበው ከሦስት ሌሊት በኋላ ሠውር ዋሻ ድረስ እንዲያመጣ የቀጠሩት ዐብደላህ ኢብኑ ኡረይቂጥን ነበር። ያን ጊዜ ሙስሊም አልነበረም። መንገዱን ያውቅ ነበር፤ ቃሉንም ይጠብቅ ነበር። ቀጠሮውን አክብሮ መጣ። ነፍስን የሚያህል አደራ በዚህ መለኪያ ከተሰጠ፣ እኔ የአባቴን ግድግዳ ለመስጠት ሶፍ መቁጠሬ ምን ይባላል? ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳስሰው እውነቱን የነገሩኝን ሰው ሸኝቼ፣ ያልዳሰሰውን ቀጠርሁ።

አሁን ሦስተኛውና ከሁሉ ይልቅ ለመጻፍ ያስቸገረኝ ነገር ላይ ደረስሁ። ልጁ በሽማግሌዎቹ ፊት ያለኝ እውነት ነበርን? የተታለለ ሰው በመታለሉ ድርሻ አለውን?

አንድ ወዳጄ «ሌባን ሌባ ያደረገው ቤቱን ክፍት የተወው ነው ልትል ነውን?» ብሎ ተቆጥቶኛል። ልክ ነው፤ ያን አልልም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ባገኙ ጊዜ የተናገሩት ለሻጩ ነው፤ ገዢውን ለምን እጅህን አላስገባህም አላሉትም። የአታላዩ ኃጢአት በእኔ ሞኝነት አንድ ቅንጣት አይቀንስም። ነገር ግን እኔ ሞኝ ብቻ አልነበርሁም። ሽማግሌው የሠሩትን ሒሳብ አይቻለሁ። በ7,000 ብር ያ ሥራ እንደማይሠራ ልቤ ያውቅ ነበር። ሳውቅ ደስ ያለኝ፣ ጉድለቱን ከእኔ ሌላ አንድ ሰው እንደሚሸከመው ገምቼ ነው። ምናልባት ልጁ በነፃ ይደክማል፤ ምናልባት ቀለም ሻጩ ይከስራል። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ይህ የራሴ የሆነ ጥፋት ነው፤ የእርሱ ጥፋት አይሰርዘውም፤ የእርሱንም አይሰርዝም።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዓፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡት እዚያ ነው። ወደ ሰባት ቶን የሚመዝነው መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ድረስ ተጎትቶ ወጥቷል። ሰዎቹ አብዛኞቹ በሚሲዮናዊነት የመጡ እንጂ መድፍ አቅላጮች አልነበሩም። ግን «አንችልም» የሚል መልስ በንጉሡ ዘንድ አይወደድም ነበር። በዚያ ስፍራ ባለፍሁ ቁጥር እኔም በአቅሜ አንድ ትንሽ ንጉሥ እንደነበርሁ ይሰማኛል። «በሰኔ አይሆንም» ያሉኝን እውነተኛ ሰው አልወደድኋቸውም፤ «ይሆናል» ያለኝን ወደድሁ።

ስለ አሠሪዎች ካነሣሁ ደግሞ ቀቢዎች ስለ እኛ የሚያወሩትን እንስማ። አዲስ አበባ ከአንድ ቀቢ ጋር ሻይ ጠጥቼ የነገረኝ ይህ ነው፦ አሠሪው ሦስት ክፍል ብሎ ያስጀምራል። በሁለተኛው ቀን «እግረ መንገድህን በረንዳዋንም» ይላል። በሦስተኛው ቀን «የግቢውን በር ቀለም ነካ ነካ አድርጋት» ይላል። በመጨረሻ ሒሳብ ሲደርስ ጥግ ላይ አንዲት ነጠብጣብ ፈልጎ ያገኝና የቀረውን ክፍያ ይይዛል። «ነጠብጣቧን ባጠፋም ሌላ ያገኛል» አለኝ። ሠራተኛን ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ ተቀብሎ ደመወዙን ያልሰጠ ሰው በቂያማ ቀን ባላንጣው ማን እንደሚሆን በሐዲሥ ተነግሮናል፤ አላህ ራሱ ነው። እንግዲህ ወረቀት ያልጻፍን ጊዜ ቀቢውም ነው ያለ መከታ የሚቀረው። ሽማግሌው ቀቢ እንፈራረም ያሉኝ ስለ ጠረጠሩኝ ሳይሆን እንደ እኔ ያሉትን ብዙ ስለሚያውቁ ይሆናል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አሽ-ሸይዘሪ ለገበያ ተቆጣጣሪዎች፣ ማለትም ለሙሕተሲቦች፣ በጻፈው መጽሐፍ የእያንዳንዱን ሙያ ማጭበርበሪያ ከዳቦ ጋጋሪ እስከ መድኃኒት ቀማሚ ዘርዝሯል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙሕተሲብ በየሰፈሩ የለንም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ለራሱ ጥቂት ማወቅ አለበት። ቀለም የሚይዘው በውስጡ ባለው ማጣበቂያ ነው። ከልክ በላይ ውኃ ወይም ኖራ ሲገባበት ማጣበቂያው ይሳሳና በእጅ ሲነካ እንደ ጠመኔ ዱቄት ይለቅቃል። የእኛ ሽማግሌዎች ትከሻ ላይ የሆነው ይኸው ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተቀባ ደግሞ ውኃው መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን ይገፈትረዋል። አዲስ ልስን ከሆነ ደግሞ አንድ ወር ያህል ሳይደርቅ መቀባት የለበትም።

ሒሳቡም ከባድ አይደለም። አንድ ሊትር የውኃ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ አንድ እጅ ሲቀባ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሻካራ ከሆነ ያንሳል። አራት በአራት የሆነ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ80 የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 40 ካሬ ያህል ግድግዳ አለው። ሁለት እጅ ሲሆን 80 ካሬ፣ ማለትም 8 ሊትር፤ አራት ሊትር በሚይዘው ጋሎን ሁለት ጋሎን ነው። ለአራት ክፍል ስምንት ጋሎን ይፈልጋል። ከጓሯችን የተገኙት ባዶዎች ሦስት እንደነበሩ አስታውሱ። ይህን ሒሳብ በግንቦት ብሠራው ኖሮ ለሽማግሌ ባላስቸገርሁ።

ከዚህ በኋላ እኔ የምከተለው መንገድ እንዲህ ነው። ቀለሙን ራሴ ከሱቅ በደረሰኝ እገዛለሁ፤ ክዳኑ በፊቴ ይከፈታል፤ ለቀቢው የምከፍለው የእጁን ብቻ ነው። ቀለሙ ምን እንደሆነ ማወቅ ለገንዘብ ብቻ አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ ነው። ያልታወቀ ነገር በሌላ ቆርቆሮ ተገልብጦ ከመጣ ግን ደንቡ ለልጆቻችን ምን ይጠቅማል? ክፍያውንም እከፋፍለዋለሁ፤ ስቱኮው ተገርፎ በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ ጥቂት፣ አንደኛው እጅ ሲያልቅ ጥቂት፣ የቀረው ሲያበቃ፣ በዚያው ቀን፣ ላቡ ሳይደርቅ።

ወረቀት ብቻውን እንደማያድንም መናገር አለብኝ። በ2005 ዓ.ም. ይፋ በወጣው የአክሰስ ሪል እስቴት ጉዳይ ቤት ለማግኘት ከፍለው ያላገኙት ከ2,000 በላይ ሰዎች ውል ፈርመው ነበር። ጎዳቸው የምለው ገንዘቡ ከሥራው አስቀድሞ መሄዱ ነው።

ስለ ሕጉም አንድ ሁለት ነገር ልበል። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን በአዋጅ 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን የጋብቻ፣ የቀለብ፣ የውርስ፣ የወቅፍና የመሳሰለው ነው፤ የቀለም ጉዳይ ይዘን ብንሄድ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይመልሱናል። በዚያ ደግሞ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የቃል ውል በሕጉ ይጸናል፤ ችግሩ ማስረዳቱ ላይ ነው። ገንዘቡን «ቀብድ» ብለን ከሰጠንም ቃሉ ትርጉም አለው። በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የሰጠነው ቀብድ ይሁን ቅድሚያ ክፍያ በግልጽ ይጻፍ። ይኸው ሕግ በጽሑፍ እንዲሆኑ ያዘዛቸው ውሎች ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙባቸው እንደማይጸኑ በቁጥር 1727 ይናገራል። የምስክሮቹ ቁጥር ከየት እንደሚታወቀን ለአንባቢ አልነግርም።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. አባቴ ሽማግሌውን ቀቢ አስጠሩ። እኔ በሐፍረት አብሬ አልነበርሁም። አሸንዳው አስቀድሞ ተጠግኖ፣ ግድግዳው ደርቆ ነበር። ኖራውን ፍቆ ማውረዱ ብቻ አራት ቀን ፈጀ። በወረቀቱ ላይ ጎረቤታችንና የሽማግሌው ረዳት ምስክር ሆነው ፈረሙ። ሥራው ሲያበቃ አንድ ጋሎን ሳይከፈት ስለተረፈ «ይህን ለሱቁ መልሱት» ብለው ለእናቴ ሰጧት።

በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ጎረቤታችን እርሳቸውም ቤት ሊያስቀቡ ፈልገው አባቴን ስለዚያ ወጣት ጠየቁ። አባቴ ደውለው «ምን ልበል? ብናገር ሐሜት ነው፤ ዝም ብል ሰውዬውን ማስበላት ነው» አሉኝ። እዚያው ከሚያስተምሩ አንድ ሼኽ ዘንድ ሄዱ። ሼኹም ኢማም አን-ነወዊ የሰውን ነውር ማንሣት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች እንደዘረዘሩ፣ ምክር ለጠየቀ ሰው መንገር ከእነዚያ አንዱ እንደሆነ ነገሯቸው። ፋጢማ ቢንት ቀይስ ስለ ሁለት አጮቿ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ስታማክር የሁለቱንም ጉድለት እንደነገሯት አስታወሷቸው። ከሚያስፈልገው በላይ ግን አትጨምሩ አሏቸው። እኔም በዚህ ጽሑፍ የልጁን ስም፣ የቀለሙንም ስም ያልጠቀስሁት ለዚሁ ነው፤ እናንተ አላማከራችሁኝም።

አባቴ ለጎረቤታችን የነገሯቸው ይህን ብቻ ነው፦ «እጁ ጥሩ ነው። ቀለሙን አንተው ግዛ፤ የምትስማሙትንም ጻፉ።»

በዚያው ዓመት ነሐሴ ለዒደል አድሓ ሄጄ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠራን። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። አባቴ ከመቀመጣቸው በፊት ጥቁር ኮታቸውን ከግድግዳው ጋር አሻሹና ዞር ብለው ትከሻቸውን አሳዩኝ። ምንም አልነካውም። እያወቅሁ «ማን ቀባው?» ብዬ ጠየቅሁ። ጎረቤታችን የልጁን ስም ጠሩ።